ማን ቆረጠው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እናቴም አብራኝ ናት። እንግሊዝኛ ብዙም ስለማትሰማ ዜናውንም ክርክሩንም የምተረጉምላት እኔ ነኝ። ባለፈው ሰሞን የዕጩዎች ክርክር እያየን ሳለ የአካባቢያችን ጣቢያ በመሃል ሌላ ፕሮግራም ለቀቀ። ጽሑፍ አልወጣ፣ የተናገረ ሰው የለ። «እማዬ፣ ተቋረጠ» አልኳት። «ማን ቆረጠው?» አለችኝ። «አይ፣ ተቋረጠ ነው ያልኩት» ብላት «እኮ፣ ማን?» አለች። መልስ አጣሁ። ተቋረጠና ተቆረጠ ልዩነታቸው ምንድን ነው? እዚህ አገር ጣቢያዎች ኔትወርኩ (ፕሮግራም የሚያቀርብላቸው ትልቁ ድርጅት) የላከላቸውን ትተው የራሳቸውን ሲያሳዩ «ፕሪኤምፕት» የሚባል አንድ ቃል አለው፤ በአማርኛስ ምን ይባላል? ጓደኛዬ ደግሞ «ያለ ማስጠንቀቂያ ተቋረጠ» በል ይለኛል። ልክ ነው?

መልስ፦ እናትዎ ግሡን በደንብ ሰምተውታል። እንዲያውም እርስዎ ካሉት በላይ ሰምተዋል። ከእሳቸው ጥያቄ ልጀምር።

ሁለቱም ግሦች ዘራቸው አንድ ነው፤ ቆረጠ። ከዚህ አንድ ግንድ ስንት ቃል እንደበቀለ ይዩ፦ ቁራጭ፣ ቁርጥ፣ ቆራጥ፣ ቁርጠት፣ አቋራጭ። ተስፋ እንቆርጣለን። ትኬት እንቆርጣለን። የሠርግ ቀን እንቆርጣለን። ሥጋውንም ቁርጥ፣ የመጨረሻውን እውነትም ቁርጥ እንላለን፤ «ቁርጡን ንገረኝ» ስንል።

ቆ ወደ ቋ ስትለወጥ ግን ትርጉሙ ይዞራል። መቁረጥ አንድን ነገር ከሁለት መክፈል ነው። ማቋረጥ ደግሞ በመካሄድ ላይ ያለን ነገር መሃል ላይ ማስቆም ነው፤ ወይም መሃሉን ሰንጥቆ ማለፍ። ትምህርት ይቋረጣል። ንግግር ይቋረጣል። መንገድ እናቋርጣለን። ስለዚህ የቀጥታ ስርጭት መሃል ላይ ሲቆም ተቋረጠ ማለትዎ ልክ ነው። አስቀድሞ ከተቀረጸ ቃለ ምልልስ ላይ አንድ ክፍል ቢወጣ ተቆረጠ ይባላል። ድምፁ ሄድ መለስ ቢል ደግሞ ተቆራረጠ። ለእነዚህ ሦስቱ ክርክር የሚያስነሳ ነገር የለም።

ታዲያ እናትዎ ለምን «ማን?» አሉ?

ገመድን ያስቡ። «ገመዱ ተበጠሰ» ካልኩዎት አርጅቶ ይሆናል፣ ከብዶት ይሆናል፤ ማንንም አይጠይቁም። «ገመዱ ተቆረጠ» ካልኩ ግን ቢላዋ የያዘ እጅ ወዲያው ይታይዎታል። መብራትም እንደዚያው ነው። «መብራት ጠፋ» ስንል ሰፈሩ ሁሉ ጨልሟል፤ ሻማ ፍለጋ እንነሳለን። «መብራታችን ተቆረጠ» ስንል ግን ሂሳብ ሳይከፈል ቀርቶ ሠራተኛ መጥቷል ማለት ነው። አማርኛ በዚህ በኩል ጠንቃቃ ነው። በራሱ ለሆነው አንድ ግሥ፣ እጅ ላለበት ሌላ ግሥ ያዘጋጃል።

ተቋረጠ ግን በሁለቱ መሃል ቆሟል። ጥፋቱ የተ- ነው። ይህች ከግሡ ፊት የምትገባ ፊደል ሁለት ሥራ ትሠራለች። «በሩ ተከፈተ» ሲባል ንፋስ ከፍቶት ይሆናል፣ ሰው ከፍቶት ይሆናል። ግሡ አይለይም። «ስርጭቱ ተቋረጠ»ም እንዲሁ ነው። መሣሪያ ተበላሽቶ የቆመውም፣ አንድ ኃላፊ «አጥፉት» ብሎ የቆመውም በአንድ ቃል ይጠራል። እናትዎ ያልተነገራቸውን አድራጊ ነው የፈለጉት። ቋንቋቸው አድራጊ እንደሚኖር ይነግራቸዋል፤ እርስዎ ግን አልሰጧቸውም። እርስዎም አልተሰጠዎትም።

ይህ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎ። እዚያው እርስዎ ባሉበት አገር የሆነ አንድ ታሪክ ልንገርዎ። ሚሲሲፒ፣ ጃክሰን ከተማ ደብልዩ ኤል ቢ ቲ የሚባል ጣቢያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1955 ከኔትወርኩ በሚመጣ ፕሮግራም ላይ ስለ ዘር ጉዳይ ውይይት ይተላለፍ ነበር። ተናጋሪው የጥቁሮችን መብት የሚያስከብረው ማኅበር ዋና ጠበቃ ተርጉድ ማርሻል ነበሩ፤ ኋላ በ1967 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ የሆኑት። እሳቸው ሲቀርቡ ስርጭቱ ቆመ። ስክሪኑ ላይ አንድ ጽሑፍ ወጣ፦ «ይቅርታ፣ የኬብል ችግር»።

ጽሑፉን እስቲ ልብ ብለው ያንብቡት። ግሥ የለውም። ግሥ ከሌለ አድራጊ አይኖርም፤ አድራጊ ከሌለ የሚጠየቅ አይኖርም። ኬብሉ ግን ምንም አልሆነም ነበር። ጣቢያው ሆን ብሎ እንደቆረጠው ለመንግሥት አቤቱታ ቀረበ። በጣቢያው ዋና የስርጭት ክልል ከሚኖረው ሕዝብ 45 በመቶው ገደማ ጥቁር ነበር። እነዚህ ተመልካቾች ስለ ራሳቸው የሚነገረውን እንዳይሰሙ ተደርገዋል። በ1964 የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ በቄስ ኤቨረት ፓርከር መሪነት፣ የጣቢያው ፈቃድ እንዳይታደስ ጠየቁ። በ1966 የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተመልካቾችም በጣቢያ ፈቃድ ጉዳይ ላይ ቀርበው መከራከር ይችላሉ ብሎ ወሰነ። ከዚያ በፊት በዚህ ጉዳይ የሚደመጠው የገንዘብ ጉዳት ወይም የሞገድ መረበሽ የደረሰበት ብቻ ነበር። በ1969 ያው ፍርድ ቤት የጣቢያውን ፈቃድ ውድቅ አደረገ። «ማን ቆረጠው?» የሚለው ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ 14 ዓመት ፈጀ።

አሁን ሌላውን ወገን ልንገርዎ፤ ሚዛን መጠበቅ አለብን። እ.ኤ.አ. የካቲት 24 ቀን 2008 አላባማ፣ ሀንትስቪል ውስጥ የሚገኝ ጣቢያ የሲቢኤስ ኔትወርክን ሲክስቲ ሚኒትስ የተባለ የዜና ዘገባ ፕሮግራም እያስተላለፈ ነበር። ስለ ቀድሞው የአላባማ ገዥ ስለ ዶን ሲግልማን ክስ የሚያወራው ዘገባ ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ጠቆረ። ዘገባው በክሱ ጀርባ የፖለቲካ እጅ ነበር ወይ የሚለውን የሚመረምር ነበር። ጣቢያው በመጀመሪያ ችግሩ ከኒውዮርክ፣ ከሲቢኤስ ነው አለ። ሲቢኤስ ደግሞ በእኛ በኩል ችግር የለም አለ። ቀጥሎ ጣቢያው የራሱ መቀበያ መሣሪያ መበላሸቱን ገለጸ፤ ይቅርታ ጠየቀ፤ ዘገባውንም በዚያው ምሽት ደግሞ አስተላለፈ። ብዙ ሰው ግን አላመነም። አይፈረድበትም። የ1955ቱም የ2008ቱም ማስታወቂያ ጆሮ ላይ አንድ ዓይነት ነው። እውነተኛውን ብልሽት ከውሸተኛው የሚለይ ቃል አልቀረለትም።

እኛም ያደግነው በዚህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው። «ለተፈጠረው የቴክኒክ ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን።» በልጅነታችን ስንቴ ሰማነው! እዚህም ተ- አለች። ችግሩ «የተፈጠረ» ነው፤ ማንም አልፈጠረውም። «ለፈጠርነው» ቢባል ኖሮ ሌላ ዓረፍተ ነገር ይሆን ነበር። ደግሞ ተቃራኒውን ያስታውሱ። ትልቅ ዜና ሲመጣ ጣቢያው «መደበኛ ፕሮግራማችንን አቋርጠን» ይላል። ያን ጊዜ አድራጊው ግልጽ ነው፤ እኛ። አቋርጠን ማለት ይቻላል ማለት ነው። ቋንቋው አልከለከለም።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። የጣቢያዎቹን ማስታወቂያ ከተመልካቹ አነጋገር ጋር ያስተያዩት። ጣቢያው «ስርጭቱ ተቋርጧል» ይላል። ተመልካቹ ግን «ተቋረጠብን» ነው የሚለው። ይህች -ብ- በጣም ትንሽ ናት፤ ሥራዋ ግን ከባድ ነው። ጉዳቱ ማን ላይ እንደወደቀ ትናገራለች። ፈረደልኝና ፈረደብኝ የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። «ልጁ ታመመ» እና «ልጁ ታመመብኝ» አንድ አይደሉም፤ በሁለተኛው ውስጥ እናትየው አለች። «ተቋረጠብን» ስንልም ሶፋው ላይ የተቀመጠው ሰው ግሡ ውስጥ ይገባል። ክርክሩን ሰምቶ ድምፁን ለማን እንደሚሰጥ ሊወስን የነበረው ሰው ማለት ነው። አማርኛ ተጎጂውን በግሡ ውስጥ የማስገባት ችሎታ አለው። ብዙ ቋንቋዎች ለዚህ ሌላ ሙሉ ሐረግ ያስፈልጋቸዋል።

ከዚህ ላይ ደግሞ ሰዉ በንግግር «ቆረጡብን» ይላል። እነማን እንደሆኑ አልተጠራም። ቢሆንም «እነሱ» የሚባሉ ሰዎች እንዳሉ ተነግሯል። ሰዋስው አጥባቂዎች ይህን አነጋገር ልቅ ነው ይሉታል። እኔ አልስማማም። ሰው መኖሩን እያወቁ ስሙን ሳያውቁ ሲቀሩ የሚመጥነው ይህ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሰው መኖሩን ሳያረጋግጡ ሲሉት ነው፤ ያን ጊዜ ሐሜት ይሆናል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ። አሜሪካ ውስጥ ኤንቢሲ፣ ሲቢኤስ፣ ኤቢሲ የመሳሰሉት ኔትወርኮች ፕሮግራም ያቀርባሉ። በየከተማው ያሉት ብዙዎቹ ጣቢያዎች ግን የሌላ ኩባንያ ንብረት ናቸው። ፈቃዱም የሚሰጠው ለጣቢያው ነው። ጣቢያው ከኔትወርኩ የመጣውን አልቀበልም የማለት መብት አለው። ስለዚህ አድራጊውን ሲጠሩ ይጠንቀቁ። ጣቢያው የተወውን «ኤቢሲ ቆረጠው» ቢሉ ሰው ያስቀይማሉ፤ የእውነትም አይሆንም።

ለዚህ ድርጊት በአማርኛ አንድ ቃል የለንም። መፍጠርም አያስፈልግም። እንግሊዝኛውን በአማርኛ ፊደል ጽፈው ለእናትዎ ቢነግሯቸው ምንም አይገባቸውም። አማርኛ ግሥ በግሥ ላይ ይደረድራል፦ «ጣቢያው ክርክሩን አቋርጦ የራሱን ፕሮግራም አስገባ»። ከመጀመሪያው ካላሳየው ደግሞ «አላስተላልፍም አለ»። ለዚህም ምሳሌ አለ። በሚያዝያ 2004 እ.ኤ.አ. ሲንክሌር የሚባለው የጣቢያዎች ባለቤት ኩባንያ የናይትላይንን (የኤቢሲ የዜና ፕሮግራም) አንድ ዝግጅት የራሱ የኤቢሲ ጣቢያዎች እንዳያሳዩት አዘዘ። አቅራቢው ቴድ ኮፐል ኢራቅ ውስጥ የሞቱትን ከ700 በላይ የአሜሪካ ወታደሮች ስም የሚያነብበት ዝግጅት ነበር። ኩባንያው ግን ውሳኔውን አስቀድሞ በስሙ አሳወቀ። ሴናተር ጆን ማኬይን በደብዳቤ ወቀሱት። ውሳኔው ትክክል ነበር አልልም። ቢያንስ ማኬይን ደብዳቤውን ለማን እንደሚልኩ ያውቁ ነበር።

ታገደ የሚለውን ቃል ለዚህ አይጠቀሙበት። ማገድ ሥልጣን ያለው አካል የሚያደርገው ነው። ታፈነም ሌላ ነው፤ ጣቢያው እያስተላለፈ ሌላ ኃይል ከውጭ ሞገዱን ሲያውክበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ስርጭትን ለማፈን መሣሪያ እየተሞከረ መሆኑን በይፋ ሲናገሩ ጉዳዩ ይህኛው ነበር። በሰፈር አማርኛ «ጃም ተደረገ» የሚባለው።

የቀረው የጓደኛዎ «ያለ ማስጠንቀቂያ» ነው። ይህ እንግሊዝኛ ለብሶ የመጣ አማርኛ ነው። ማስጠንቀቅ ከጥንቃቄ ጋር አንድ ዘር ነው። ጎርፍ ሲመጣ ሰው ይጠነቀቅ ዘንድ እናስጠነቅቃለን። ያጠፋ ሠራተኛ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ክርክሩ ሊቋረጥ ሲል ተመልካቹ የሚጠነቀቀው ምን አለ? እሱ የሚፈልገው እንዲነገረው ነው። ስለዚህ «ሳያሳውቅ»፣ «ሳይነግረን»፣ ወይም በቀላሉ «ድንገት» ይበሉ። ከእነዚህ መሃል እኔ የምመርጠው «ሳይነግረን»ን ነው። ባህላችንም ይህን ያውቃል። ሽማግሌ ሲናገር መሃል መግባት የግድ ከሆነብን «ይቅርታ፣ ላቋርጥዎትና» እንላለን። የምናቋርጠው እኛ ነን፤ አስቀድመን እንናገራለን፤ ይቅርታውም ከማቋረጡ በፊት ይመጣል።

እንግዲህ ለእናትዎ እንዲህ ይበሏቸው፦ «እማዬ፣ ጣቢያው ሳይነግረን ክርክሩን አቋርጦ የራሱን ፕሮግራም አስገባብን።» ለምን ብለው ከጠየቁ ደግሞ ለጣቢያው ደብዳቤ ይጻፉለት።