ከሳንባ ነቀርሳ ድኛለሁ፤ እስከ ጢስ ዓባይ በእግሬ ልሂድ?

ጥያቄ፦ የሳንባ ነቀርሳ ታምሜ የ6 ወሩን መድኃኒት ጨርሻለሁ፤ አክታዬም ንጹሕ ነው ተብያለሁ። አሁን ሕክምና ላይ ላሉ ችግረኛ ሕሙማን ለምግብ የሚሆን ገንዘብ ለማሰባሰብ ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ በእግሬ መሄድ አስቤያለሁ። ወዳጆቼ በየኪሎ ሜትሩ 100 ብር ሊሰጡ ቃል ገብተውልኛል። በአንድ ወር እደርሳለሁ?
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እንኳን እግዚአብሔር ማረዎ! መንገዱ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለዳነ ሰው የማይቻል አይደለም። አንድ ወር ግን አይበቃም፤ ከ16 ሳምንት በታች አያስቡት። የአክታው መንጻት ተሕዋስያኑ መጥፋታቸውን እንጂ ሳንባዎ እንደ ድሮው መሆኑን አይናገርም። በሽታው የነካው ቦታ ጠባሳ ሊተው ይችላል፤ ጠባሳውም እንደ ጤነኛው ሳንባ አይለጠጥም። ተቀምጠው ሳሉ ምንም ላይሰማዎት ይችላል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ዳገት ላይ ነው።

ስለዚህ ከጫማው በፊት ወደታከሙበት ጤና ተቋም ይመለሱ። የደረት ራጅ፣ የትንፋሽ አቅም ምርመራ (ስፓይሮሜትሪ)፣ የደም ማነስ ምርመራና የ6 ደቂቃ የእግር ጉዞ ፈተና ይጠይቁ። በፈተናው ላይ ጣት ላይ በሚሰካው መሣሪያ ኦክስጅንዎ ከጉዞው በፊትና በኋላ ይለካል፤ በ4 ከመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ሐኪሙ ምክንያቱን ሳያጣራ ልምምድ አይጀምሩ። ክብደትዎንም ይመዘኑ። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው ቢያንስ 53.5 ኪሎ መሆን አለበት። ከዚያ በታች ከሆኑ መጀመሪያ መብላት ነው፤ የከሳ ሰውነት ረጅም መንገድ ላይ ጡንቻውን ራሱን ያቃጥላል።

አሁን ወደ ቃል ኪዳኑ። በየኪሎ ሜትሩ መክፈሉ ለእርስዎ አደገኛ ነው። 22ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ደረትዎን ቢጨንቅዎ፣ የቀሩት 8 ኪሎ ሜትሮች የሕመምተኛ ምሳ ሆነው ይታዩዎትና መቆም ያቅትዎታል። ወዳጆችዎ 3,000 ብሩን ቢደርሱም ባይደርሱም አስቀድመው እንዲሰጡ ይለምኗቸው። ብሩም በእርስዎ የግል ሒሳብ ሳይሆን ሕሙማንን በሚረዳ ሕጋዊ ድርጅት ሒሳብ በደረሰኝ ይግባ።

ልምምዱን በሐይቁ ዳር ባለው ሜዳማ መንገድ ይጀምሩ፤ በሳምንት 4 ቀን፣ 30 ደቂቃ። ልኩ ትንፋሽ ነው፦ እየሄዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተዎ ፈጥነዋል። ከ4ኛው ሳምንት ጀምሮ ከአራቱ ቀን አንዱን ረጅም ጉዞ ያድርጉት፤ ከ6 ኪሎ ሜትር ተነሥተው በየሳምንቱ 2 ኪሎ ሜትር ይጨምሩ፣ በየአራተኛው ሳምንት ግን ይቀንሱ። በ14ኛው ሳምንት 20 ኪሎ ሜትር ከሄዱ ይበቃል። የቤዛዊት ዳገት የሚመጣው ከ8ኛው ሳምንት በኋላ ነው። ብዙ ሰው ልምምዱ የሚበላሽበት በመቸኮል ነው፤ ሁለት ሳምንት ደህና ስለሰነበተ በሦስተኛው እጥፍ ይሄዳል።

እግርዎን በተለይ ይመርምሩ። ከወሰዷቸው መድኃኒቶች አንዱ፣ አይሶናያዚድ፣ በአንዳንድ ሰው ላይ የእግር ነርቭ ያደነዝዛል። ዓይንዎን ጨፍነው ሌላ ሰው የእግር ጣቶችዎን በጥጥ ይንካ። ካልታወቀዎ ውኃ መቋጠሩንም አያውቁትም፤ በየሰዓቱ ካልሲ አውልቆ ማየት ግድ ነው። ጫማው ቢያንስ 80 ኪሎ ሜትር የተሄደበት ይሁን፤ ለጉዞው አዲስ አይግዙ።

ጊዜው ጥር ይሻላል። ከክረምት መውጫ እስከ ኅዳር ወባ ይበረታል፤ መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ ይሞቃል። ጎህ ሲቀድ ይነሡ። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ሄደው በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ቢያርፉ 7 ሰዓት ይፈጃል፤ የመጨረሻው በፀሐይ ነውና ጃንጥላ ይያዙ። እኛ ግን በሁለት ቀን፣ 15 እና 15 አድርገው እንዲከፍሉት እንመክራለን። በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጡ፤ በመሐል አንድ ሊትሩን በኦአርኤስ ይበጥብጡት፣ ባዶ ውኃ ብቻ ሲበዛ የሰውነት ጨው ይሳሳል። ለስንቅ በሶና ሙዝ ይበቃል። ከኋላ አንድ ባጃጅ ይከተል።

ደም የተቀላቀለበት አክታ፣ የደረት ውጋት፣ ማዞር፣ ወይም 10 ደቂቃ አርፈው የማይመለስ ትንፋሽ ከመጣ ባጃጁ ላይ ወጥተው በቀጥታ ወደ ሐኪም ይሂዱ። በልምምዱ ወራት 2 ሳምንት የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ክሳት ካዩ አክታዎን እንደገና ያስመርምሩ፤ ትኩሳት ካለ የወባ ደም ምርመራ ይጨመር።

ጥያቄ፦ በእግር ፋንታ ጣናን በዋና ባቋርጥስ?

መልስ፦ አይሞክሩት። በዳርቻው ቀንድ አውጣ የሚያስተላልፈው የቢልሃርዚያ ትል በጤነኛ ቆዳ በኩል ይገባል፤ ጉማሬም አለ። ከዚህ በፊት ሐይቁ ውስጥ ዋኝተው ከነበረ ለጉዞው ምርመራ ሲሄዱ ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ በፕራዚኳንቴል ይታከማል።