የፒክአፑን የፍሬን ቫኪዩም ፓምፕ ላስነቅል? ብገጭስ ማን ይጠየቃል?

ጥያቄ፦ «ሰላም እህቴ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። 2015 ሲልቨራዶ 1500 አለኝ፣ ሞተሩ 5.3። ቅዳሜና እሁድ ለሰው ዕቃ እጭንበታለሁ። የፍሬኑ ቫኪዩም ፓምፕ ዘይት ማፍሰስ ጀመረ። አንድ የማውቀው መካኒክ ‹አዲስ ፓምፕ ምን ያደርግልሃል፣ ነቅዬ ቀዳዳውን እደፍነዋለሁ፣ ቡስተሩን በቀጥታ ከሞተሩ ጋር አገናኘዋለሁ፣ አጠር ያለ ቺንጋ አስገባለሁ፣ አለቀ› አለኝ። ሁሉም ሰው ያደርገዋል ይላል። ቅዳሜ ሊሠራልኝ ነው፤ ግን ‹ለሚመጣው ነገር ሁሉ ኃላፊው እኔ ነኝ› የሚል ወረቀት ፈርም ብሎኛል። ያስጠይቀኛል? ሰው ብገጭ ኢንሹራንሴ ይከፍላል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ወረቀቱን አትፈርም። የቅዳሜውንም ቀጠሮ ሰርዘው። ምክንያቱን ልንገርህ።

ፓምፑ እዚያ የተቀመጠው ለጌጥ አይደለም። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ ራሱ ቫኪዩም፣ ማለትም የመምጠጥ ኃይል፣ ይፈጥራል፤ የድሮ መኪኖች ቡስተር (ፔዳሉን ስትረግጥ እግርህን የሚያግዘው ክፍል) በዚያ ብቻ ነበር የሚሠራው። ያንተ ሞተር ግን ነዳጅ ለመቆጠብ ከ8ቱ ሲሊንደር 4ቱን ብቻ እያሠራ የሚነዳበት ጊዜ አለ፣ ያኔ ቫኪዩሙ ይቀንሳል። ዳገት ላይ ጭነት ይዘህ ነዳጅ ረግጠህ ስትሄድም እንደዚያው። ፓምፑ የሚሞላው ይህን ጉድለት ነው። ዴንቨር ላሉ አንባቢዎቼ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፣ ከፍታው ራሱ ቫኪዩም ይቀንሳል።

እና ይሄ ፓምፕ ታሪክ አለው። የመኪናህ አምራች ጂኤም በሴፕቴምበር 2019 ወደ 3.4 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን ሪኮል ያደረገው (ለጥገና የጠራው) በዚሁ ምክንያት ነው፦ ከ2014 እስከ 2018 የተሠሩ ሲልቨራዶና ሲየራ 1500፣ ከነታሆ፣ ሰበርባን፣ ዩኮን እና ኤስካሌድ። ፓምፑ እየቆየ ሲሄድ የሚሰጠው ቫኪዩም ስለሚቀንስ ፔዳሉ ይደርቃል፣ መኪናው ለመቆም ረጅም ርቀት ይፈልጋል። መፍትሔው የሶፍትዌር ለውጥ ነበር፤ ቫኪዩም ሲያንስ ኤቢኤሱ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው የፍሬን ሲስተም) እንዲያግዝ። ያንተ መኪና ተሠርቶለት እንደሆነ ባለ 17 አሃዙን የመኪና ቁጥር የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብተህ እይ። ካልተሠራ ዲለር ወስደህ በነፃ አሠራው። ሁለተኛ ባለቤት ብትሆንም ነፃ ነው። የዘይቱን መፍሰስ ግን ሶፍትዌር አያቆመውም፣ እሱ ለብቻው መጠገን አለበት።

አሁን ወደ ሕጉ። የፌዴራል ሕግ መኪና ላይ የደኅንነት ደረጃ ለማሟላት የተገጠመን ነገር እያወቁ ከሥራ ውጭ ማድረግን ይከለክላል። የሚከለክለው ግን አምራቹን፣ ዲለሩን፣ አከራይ ድርጅቱን እና ጋራዡን ነው። ባለቤቱን አይጠቅስም። ጋራዥ ማለት ደግሞ ታፔላ የሰቀለ ብቻ አይደለም፤ ለሕዝብ «መኪና እጠግናለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሁሉ ነው፣ ቤቱ ጓሮ የሚሠራም ጭምር። ቅጣቱ ለአንድ ጥሰት ከ20,000 ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። መካኒክህ ወረቀት ያስፈረመህ ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

እውነቱን ለመናገር ግን እሱም የሚከራከርበት ነገር አለው። የፌዴራሉ የፍሬን ደረጃ «ፓምፕ ይኑር» አይልም። የሚለው፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፔዳሉ ላይ ከ500 ኒውተን ያልበለጠ ጉልበት አርፎበት በ70 ሜትር ውስጥ ይቁም ነው። የፍሬኑ እገዛ ጭራሽ ሲጠፋ የሚፈቀደው ርቀት 168 ሜትር ነው። ልዩነቱን አየኸው? ወደ 100 ሜትር ነው። መካኒክህ «ፓምፑን ነቅዬም 70 ሜትር ላይ ይቆማል» ሊል ይችላል። ለክቶ ያውቃል ወይ ብለህ ጠይቀው።

የፌዴራሉ ሕግ ባንተ ላይ ባይጮህም የቨርጂኒያው አይምርህም። በዚህ ስቴት በቂ ባልሆነ ወይም በትክክል ባልተስተካከለ ፍሬን መንገድ ላይ መንዳት ሬክለስ ድራይቪንግ (በግድየለሽነት መንዳት) ነው። ብዙ ሐበሻ ሬክለስ ማለት 90 ማይል ማብረር ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ይሄ ደግሞ እንደ ተራ ትራፊክ ቲኬት ከፍለህ የምትገላገለው ነገር ሳይሆን ወንጀል ነው፣ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ያስቀጣል። ግሪን ካርድ ይዘህ ዜግነት የምትጠብቅ ከሆነ ማመልከቻው ላይም የምትጽፈው ነገር ይሆናል።

«ኢንስፔክሽን (የስቴቱን የመኪና ምርመራ) ካለፈልኝስ?» ትለኝ ይሆናል። ሊያልፍልህ ይችላል። የቡስተር ምርመራ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ፦ ሞተሩን ታጠፋለህ፣ ፔዳሉ እስኪደርቅ ደጋግመህ ትረግጣለህ፣ ከዚያ እግርህን ሳታነሳ ሞተሩን ታስነሳለህ፣ ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ቡስተሩ ይሠራል። ፓምፑ የተነቀለ መኪናም ይህን ሊያልፍ ይችላል፤ ሞተሩ ቆሞ ሲንደቀደቅ የራሱ ቫኪዩም ይበቃዋላ። ችግሩ የሚመጣው 395 ሀይዌይ ላይ ጭነት ይዘህ ተደጋግሞ ፍሬን ስትይዝ ነው። ስለዚህ መስታወትህ ላይ ያለው ስቲከር የተመረመረ ቀን ደህና ነበር ከማለት በቀር ፍርድ ቤት አያድንህም።

ሰው ብትገጭ ደግሞ ጉዳዩ የሚዞረው አንድ ነጥብ ላይ ነው፤ ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም? ፍሬን በድንገት የበጠሰበት ሰው የሚከራከርበት ነገር አለው። አንተ ግን ፓምፑ እንዲነቀል ከፍለሃል። የተጎጂው ጠበቃ ቃልህን ሲቀበል መጀመሪያ የሚጠይቅህ ስልክህን ነው፤ ከመካኒኩ ጋር የተጻጻፍከውን አውጥቶ መስመር በመስመር ያነብልሃል። ዳሽቦርድህ ላይ «ሰርቪስ ብሬክ አሲስት» የሚል መልእክት ብቅ ብሎ ዝም ብለኸው ከሆነ ያንንም ይጠይቅሃል። የፈረምከው ወረቀት ደግሞ ማወቅህን በራስህ እጅ የሚመሰክር ነው። (የአንተን ስም እዚህ ያላወጣሁትም ለዚህ ነው።)

ወረቀቱ መካኒኩንም ቢሆን እሱ እንደሚያስበው አያድነውም። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1992 እንደወሰነው፣ ወደፊት ለሚደርስ የአካል ጉዳት «አልጠይቅህም» ብሎ አስቀድሞ መፈረም ዋጋ የለውም። መንገድ ላይ የገጨኸው ሰው ደግሞ ጭራሽ አልፈረመም። ሁለታችሁንም አንድ ላይ ይከሳል።

ኢንሹራንስህ ይከፍላል ወይ ላልከው፣ በአብዛኛው ለተጎጂው ይከፍላል፤ ቸልተኝነትን መሸፈን ሥራው ነው፣ ፓምፕ ስለተነቀለ ብቻ አይሸሽም። የሚከፍለው ግን እስከ ጣሪያው ነው። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የቨርጂኒያ ዝቅተኛው ሽፋን ለአንድ ሰው ጉዳት 50,000፣ ለአንድ አደጋ 100,000፣ ለንብረት 25,000 ዶላር ነው። እዚህ አገር የሁለት ቀን ሆስፒታል ስንት እንደሚያስወጣ አንተም ታውቀዋለህ። የተረፈው ካንተ ኪስ ነው።

ይልቅ እኔን ከፓምፑ በላይ ያስደነገጠኝ «ለሰው ዕቃ እጭንበታለሁ» ያልከው ነው። በክፍያ ከሆነ ብዙ የግል ፖሊሲዎች አይሸፍኑትም። ፖሊሲህን አውጥተህ አንብብ፣ ወይም ለኤጀንትህ ደውልና ምን እንደምትሠራ በግልጽ ንገረው። ዝም ብለህ ከቆየህ አደጋው በደረሰ ቀን ነው የሚነግሩህ።

ሌላም አለ። ተገጪው አንተ ብትሆንስ? ቨርጂኒያ ውስጥ ለአደጋው 1 በመቶ እንኳ አስተዋጽኦ ካለህ ካሳህ ዜሮ ሊሆን ይችላል። የዊልሰንን ድልድይ ተሻግረህ ሜሪላንድ ብትገባም ያው ነው። ዲሲም ከ2016 ወዲህ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ አላላው እንጂ ለሹፌር አልቀየረውም። ቀይ መብራት ጥሶ የገባብህ ሰው ጠበቃ ፓምፑ መነቀሉን ካወቀ «ደህና ፍሬን ቢኖረው ኖሮ ይቆም ነበር» ይላል። ማስረዳት አለበት፣ ቀላል አይደለም፤ ግን እንዲህ ያለ ክርክር በነፃ ለምን ትሰጠዋለህ?

ስለዚህ ፓምፑን ቀይረው፣ ወይም የሚያፈሰው ከጋስኬቱ ከሆነ ጋስኬቱን። ደረሰኝ ተቀበል፣ ደረሰኙ ላይ የተሠራው ሥራና ማይሌጁ ይጻፍ። ለመካኒኩ «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ ፓምፑ ይቀየርልኝ» ብለህ በቴክስት ላክለት፣ በቃል አይሁን። ምናልባት ሳታማክረኝ ቀድሞ ነቅሎት ከሆነ ደግሞ ተመልሶ እስኪገጠም ድረስ መኪናውን አታንቀሳቅስ፣ አሮጌውን ፓምፕም አትጣል። እንደዚያው ልትሸጠው ካሰብክ ለገዢው በጽሑፍ ንገረው፤ «አዝ ኢዝ» (እንዳለ) ብሎ መሸጥ የደበቅከውን ነገር አይሸፍንልህም።