ብሪጅ እየተጫወቱና እየጻፉ መኖር ይቻላል ወይ? ከደሴ የተሰጠ መልስ

ሰላም ወንድሜ። «ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ብሪጅ በኢንተርኔት እጫወታለሁ። ውድድር እያሸነፍኩ፣ ስለ ጨዋታውም በአማርኛ እየጻፍኩ መኖር እችላለሁ ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። (ለማያውቅ አንባቢ፦ ብሪጅ አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው፣ ከአጋር ጋር ተጣምረው የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ ነው።) ከታች ብዙ ሰው ቀልዶብሃል። አብሽር። እኔ ደሴ ሆኜ የሄድኩበት መንገድ ነው። አንተም እንደኔ መምህር ትመስለኛለህ፤ ስለዚህ ደመወዝህን ሳትለቅ የምትጀምርበትን ነው የምነግርህ።

1. ዋንጫ እስኪመጣ አትጠብቅ፤ አሁኑኑ ጻፍ። በዚህ ሙያ እንጀራ የሚወጣው ከዋንጫው ይልቅ ከብዕሩ ነው። ቻርልስ ጎረንን ተመልከት። ፊላደልፊያ ውስጥ ጠበቃ ነበር። መጀመሪያ ሚልተን ወርክ ለሚባል ታዋቂ የብሪጅ ጸሐፊ ጽሑፍ እያዘጋጀ ነው እጁን ያፍታታው። እ.ኤ.አ. በ1936 የራሱን መጽሐፍ አወጣና ጥብቅናውን ተወ። በ1950 የመጀመሪያውን የቤርሙዳ ቦውል ዓለም ሻምፒዮና ካሸነፈው ቡድን ውስጥ ነበር። ያኔ ግን በጋዜጣ ዓምዱ አገር ያወቀው ሰው ሆኗል። በ1958 ታይም መጽሔት ሽፋኑ ላይ አወጣው።

ሕዝቡ የወደደለት የካርታ ነጥብ አቆጣጠሩን ነው። ኤስ 4፣ ኪንግ 3፣ ኩዊን 2፣ ጃክ 1፤ በጠቅላላው 40። አንተና አጋርህ አንድ ላይ 26 ነጥብ ካላችሁ ወደ ጌም፣ ማለትም ተጨማሪ ነጥብ ወደሚያስገኘው የጨረታ ደረጃ፣ ሂዱ። ይህን አቆጣጠር ጎረን አልፈጠረውም፤ ወርክ ቀድሞ ይጠቀምበት ነበር። ጎረን ግን ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ እንዲገባው አድርጎ ጻፈው።

ሪክሲ ማርከስንም አንሳ። በ1937 ከኦስትሪያ ሴቶች ቡድን ጋር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በዓመቱ ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ወደ ለንደን ሸሸች። ከ1955 ጀምሮ ለጋርዲያን ጋዜጣ ስለ ብሪጅ ጻፈች። በ1974 የዓለም ግራንድ ማስተር የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ይህን ሁሉ በስደት፣ በሰው አገር ቋንቋ ነው የሠራችው። አንተ በእናትህ ቋንቋ ልትጽፍ ምን ያስፈራሃል?

2. ለኮንከር ተጫዋች ጻፍ። የእኛ አገር አንባቢ ካርታ ያውቃል፤ ግን ሁሉም ለራሱ ነው የሚጫወተው። አጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ሳይናገሩ መተማመን የሚባለው ነገር አዲስ ይሆንበታል። እሱን ነው ደጋግመህ ማስረዳት ያለብህ። ሁለተኛው የምታስረዳው ነገር የዕድል ስሌት ነው። ከሁሉ ጽሑፎቼ ብዙ የተነበበልኝ ይህ ነው፦ አንተና አጋርህ ከስፔድ 8 ካርታ ካላችሁ፣ ተቃዋሚዎች ጋ 5 ይቀራል። እነዚህ 3 ለ2 የሚከፋፈሉበት ዕድል 68 በመቶ ገደማ ነው። 9 ካላችሁ ደግሞ 4 ይቀራል። ሰው ሁሉ 2 ለ2 ይሆናል ብሎ ይገምታል። የሚበዛው ግን 3 ለ1 ነው፤ 50 በመቶ ገደማ። 2 ለ2 የሚሆነው 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የሒሳብ ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ተከራከሩኝ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቆጥረን አረጋገጥን። ከዚያ በኋላ ወላጆች ራሳቸው «ልጄን ሒሳብና ብሪጅ አስጠናልኝ» ብለው መጡ። እውነቱን ልንገርህ፣ ገቢ ያገኘሁት ከማስጠናቱ ነው። የጻፍኩት የብሪጅ መጽሐፍ ስም ሰጠኝ፤ ስሙ ተማሪ አመጣልኝ።

3. ቢሮና ማተሚያ ቤት። እዚህ ላይ ልብ ብለህ አንብብልኝ። የቅዳሜ ውድድር ማዘጋጀት ፈልጌ አዳራሽ ለመጠየቅ አንድ ቢሮ ገባሁ። ኃላፊው ደብዳቤዬን እስከ መጨረሻው እንኳ አላነበበም። «ካርታ ነው? ቁማር ነው፤ ውጣልኝ» አለኝ። የተማሪዎቼ ወላጆች ተራ እየጠበቁ ተቀምጠው ነበር። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ብር አንይዝም፤ አንድ ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ አያልፍም። በዱፕሊኬት ውድድር ያው የተከፋፈለ ካርታ በየጠረጴዛው ይዞራል። ስለዚህ ጥሩ ካርታ ስለደረሰህ አታሸንፍም፤ ያንኑ ካርታ ከሌላው የተሻለ ስለተጫወትክ ነው የምታሸንፈው። የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽንን የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ዕውቅና ሰጥቶታል። አንተ ስትሄድ እነዚህን ሁለት ነገሮች ደብዳቤው ራስ ላይ ጻፋቸው። «ካርታ» የሚለው ቃል ከነሱ በኋላ ይምጣ። እኛን በመጨረሻ ያስጠጋን ሸዋ በር ያለ አንድ የቡና ቤት ባለቤት ነው። ዛሬ ከዚያ ጠረጴዛ የተነሱ ልጆች በኢንተርኔት ከአውሮፓ ተጫዋቾች ጋር አንገት ላንገት ይተናነቃሉ። በነሱ እኮራለሁ።

የማተሚያ ቤቱ ግን ከዚህም የባሰ ነው። የፈረምኩበት ናሙና ላይ ሁሉም ነገር ልክ ነበር። እነሱ ገጹን እናስተካክል ብለው ፎንቱን ቀየሩት። የስፔድ፣ የኸርት፣ የዳይመንድና የክለብ ምልክቶች በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆነው ታተሙ። የብሪጅ መጽሐፍ ያለ ምልክት ምን ይረባል? ናሙናውን ይዤ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ «ካርታ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል» ብሎ መለሰኝ። ቀሪውን ካልከፈልክ መጽሐፉ አይወጣም ተባልኩ። ከፈልኩ። አራት ትናንሽ ማኅተም አስቀረጽኩና ክረምቱን ሙሉ፣ እናቴ ቡና እያፈላችልን፣ ከተማሪዎቼ ጋር እያንዳንዱን ባዶ ሳጥን በእጃችን ሞላን። ያን መጽሐፍ የገዛ ሰው አንድም ምልክት ጎድሎበት አያውቅም።

አንተ ይህ እንዳይደርስብህ ውል ስትፈርም «ከተፈረመበት ናሙና ከተለየ ማተሚያ ቤቱ በራሱ ወጪ እንደገና ያትማል» የሚል አንቀጽ አስገባ። ቀሪ ክፍያውን የምትሰጠው የታተመውን ገልጠህ ካየህ በኋላ ይሁን። ምልክቶቹን ጭራሽ ትተህ ስ፣ ኸ፣ ዳ፣ ክ ብለህ በፊደል ብትጽፍ ደግሞ ማንም ፎንት አያበላሽብህም።

«ሳታስመዘግብ መብት የለህም» የሚልህም አይጠፋም። አትስማው። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጥበቃው የሚጀምረው ሥራውን ስትፈጥር ነው። የሚጠበቀው ግን አጻጻፍህ ነው፤ የአጨዋወት ዘዴውን ማንም ሊጠቀምበት ይችላል። ስለዚህ የጎረንን አቆጣጠር በራስህ ቃል ብታስረዳ ማንም አይከስህም።

የመጀመሪያ ጽሑፍህን ስትጨርስ በውስጥ መስመር ላክልኝ። የካርታዎቹን ስዕል አንድ በአንድ አይልሃለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ደሴ ከወጣህም ሸዋ በር ነን፤ አጋር ይዘህ ና።