«የጻፍሁት እኔ አይደለሁም፤ ያስተላለፍሁት ብቻ ነው»

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ባለፈው የጾም ወቅት በጽዋ ማኅበራችን የቴሌግራም ቡድን አንድ ጽሑፍ ደረሰኝ። ለቤተ ክርስቲያናችን ሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ ሲያሰባስብ የነበረ አንድ ወንድም ገንዘቡን ለግል ጥቅሙ አውሎታል ይላል። የባንክ ደረሰኝ የሚመስል ፎቶም ተያይዞበት ነበር። በጣም ስለ ተናደድሁ «እግዚአብሔር ይፍረድ» የሚል ጨምሬ ወደ ሌሎች ቡድኖች አስተላለፍሁት። በኋላ ሰበካ ጉባኤው ሲያጣራ ገንዘቡ በሙሉ በደብሩ ሒሳብ ገብቶ ተገኘ፤ ፎቶውም የተቀነባበረ ነበር። ወንድማችን ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ደብራችን አይመጣም። እኔም ጽሑፉን አጥፍቼዋለሁ። የጻፍሁት እኔ ስላልሆንሁ፣ ውሸት መሆኑንም ስላላወቅሁ፣ ኃጢአት ይሆንብኛል? አጥፍቼው ሳለስ ሌላ ምን ይጠበቅብኛል? የንስሐ አባቴ በሌላ ከተማ ስለሚኖሩ በስልክ ወይም በጽሑፍ መናዘዝ እችላለሁ? አንዳንድ ጊዜስ ይህን ስልክ ጥዬው ብገላገል እላለሁ።

መልስ፦ እኅታችን፣ አዎ፣ ኃጢአት ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ላስጨንቅሽ ብዬ አይደለም። ጥያቄሽን ደጋግሜ ሳነበው ልብሽ መልሱን እንደሚያውቀው፣ የቀረው አንድ ሰው ደፍሮ እንዲነግርሽ ብቻ እንደ ሆነ ስለ ተረዳሁ ነው።

ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 23 ሲጀምር «ሐሰተኛ ወሬ አትቀበል» ይላል። ሕጉ ወሬውን ከፈጠረው ሰው አልጀመረም፤ ከተቀበለው ጀመረ። ቀጥሎም ከኃጢአተኛ ጋር እጅን አንሥቶ ሐሰተኛ ምስክር ስለ መሆን ይናገራል። በዚያ ዘመን ምስክር ለመሆን በአደባባይ መቆም፣ መታየት፣ መጠየቅ ነበረበት። ዛሬ በአውራ ጣት አንድ ጊዜ መንካት ይበቃል፤ ሥራው ግን ያው ምስክርነት ነው። በቡድኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች ያመኑት መነሻው የማይታወቀውን ጸሐፊ አይደለም። ያመኑት አንቺን ነው። «እርሷ የላከችው ከሆነ እውነት ነው» ብለው ነው ወደ ጎረቤትና ወደ ሥራ ባልደረባ ያሳለፉት።

አላወቅሁም ማለትሽን አልንቀውም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 4 ባለማወቅ ለተሠራ ኃጢአት የሚቀርበው መሥዋዕት በዝርዝር ተጽፏል፤ እኛም በየዕለቱ ጸሎታችን አውቀንም ሆነ ሳናውቅ ስለ ሠራነው ይቅርታ እንለምናለን። ባለማወቅ የተሠራው ቀላል ይሆናል እንጂ ባዶ አይሆንም። ደግሞም ሊታወቅ የማይቻለውን አለማወቅና ለማወቅ አለመፈለግ አንድ አይደሉም። የወንድማችን ስልክ ቁጥር እጅሽ ላይ እንደ ነበረ እገምታለሁ። ጽሑፉን ባስተላለፍሽበት በዚያው ስልክ ደውሎ «ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ነገር አየሁ፤ እውነት ነው?» ለማለት የሚፈጀው ጊዜ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም ነበር።

«እግዚአብሔር ይፍረድ» ስላልሽው ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ይህ አባባል በየቡድኑ ሲለጠፍ ባየሁ ቁጥር ያሳዝነኛል። ፍርዱን በእውነት ለእግዚአብሔር የተወ ሰው ክሱን ለሰው አያድልም። መንፈሳዊ ቃል የተጨመረበት ሐሜት ከተራ ሐሜት የከፋ ነው፤ ሰሚው ጥርጣሬውን ትቶ «አሜን» እያለ ይቀበለዋልና።

መጽሐፈ ሶስናን ታስታውሻለሽ? ሁለት ሽማግሎች፣ ያውም በዚያው ዓመት ዳኞች ሆነው የተሾሙ፣ በንጽሕት ሴት ላይ በሐሰት መሰከሩ። ጉባኤው የሕዝብ ሽማግሎችና ዳኞች ስለ ሆኑ አመናቸው፤ ሞትም ፈረደባት። ከጉባኤው መካከል አንድ ሰው እንኳ ዋሽቶ አልነበረም። ሁሉም «የታመነ ሰው ነገረን» የሚሉ ነበሩ። እግዚአብሔር ያስነሣው ብላቴናው ዳንኤል ታዲያ በመጀመሪያ የገሠጸው ሐሰተኞቹን ሽማግሎች ሳይሆን ጉባኤውን ነው፤ ሳትመረምሩና እውነቱን ሳታውቁ እንዴት በእስራኤል ልጅ ላይ ትፈርዳላችሁ አላቸው። ከዚያ በኋላ ምስክሮቹን ለያይቶ ከየትኛው ዛፍ በታች እንዳዩአት ለየብቻ ጠየቃቸው። ሁለቱም የተለያየ ዛፍ ጠሩ፤ ነገሩ በአንድ ጥያቄ ተገለጠ። ብዙ ተከታይ ያለው ገጽ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፣ የታወቀ ሰባኪ ድምፅ ሁሉ ዛሬ የእነዚያን ሽማግሎች ቦታ ይዟል። ድምፅና ምስል በኮምፒውተር አስመስሎ መሥራት እንዲህ በቀለለበት ጊዜ «በዓይኔ አይቼዋለሁ» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ይህን ስል ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ ለመጫን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ከ2006 እስከ 2017 በትዊተር የተሰራጩ 126,000 ያህል ወሬዎችን መርምሮ ነበር። ሐሰተኛው ዜና ከእውነተኛው ይልቅ ለሌላ የመተላለፍ ዕድሉ በ70 በመቶ ይበልጣል። እውነቱ 1,500 ሰዎች ጋር ለመድረስ ሐሰቱ ከወሰደበት ጊዜ ስድስት እጥፍ ያህል ፈጅቶበታል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ግኝት ነው። ራሳቸውን ችለው የሚያሰራጩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች እውነቱንም ሐሰቱንም በእኩል መጠን ያስተላልፉ ነበር፤ ለሐሰቱ ያደላው ሰው ነው። አዲስ ነገር፣ የሚያስደነግጥና የሚያስጸይፍ ነገር ስናይ እጃችን ይፈጥናል። ሐዋርያው ያዕቆብ ስለ አንደበት የጻፈውን አሁን ስለ ጣት ማንበብ ይገባናል። በ2018 ሕንድ ውስጥ ሕፃናት ሰራቂዎች መጡ የሚል የዋትስአፕ ወሬ ንጹሐን ሰዎችን በመንጋ አስደብድቦ ካስገደለ በኋላ ኩባንያው አንድን መልእክት በአንድ ጊዜ ወደ ብዙ ቦታ መላክ እንዳይቻል ገደብ አደረገ፤ በ2019 ደግሞ በዓለም ሁሉ ከአምስት ቦታ እንዳይበልጥ ወሰነ። ለንግድ የቆመ ድርጅት ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ ጥምቀትን የተቀበልን እኛ ከዚያ ማነስ አይገባንም።

የአገራችን ሕግም አለ፤ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012። አዋጁ ጽሑፍን «መውደድ» እንደ ማሰራጨት አይቆጥረውም። ስለዚህ አንዳንዱ «በሕግ አልጠየቅም» ብሎ በሰው ስም ማጥፊያ ላይ በየቀኑ የፈገግታ ምልክት ያስቀምጣል። ሕጉ የሚጠይቀው ውጫዊውን ሥራ ነው። በወንድሙ ውርደት ደስ ያለው ሰው ግን ምንም ሳያስተላልፍ ንስሐ የሚገባበት ነገር አለው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። «አጥፍቼዋለሁ» ብለሻል። ማጥፋትሽ መልካም ነው፤ የሚጠፋው ግን በአንቺ በኩል የተላከው ነው እንጂ ሌሎች ወስደው ያሰራጩት፣ ፎቶ አንሥተው ያስቀሩት፣ በቃል ያወሩት እንዳለ ነው። እንዲያውም ጽሑፉ በዝምታ ሲጠፋ ብዙው ሰው «አስፈራርተዋት ነው» ብሎ ይተረጉመዋል፤ የወንድማችን ስምም እንደ ጠቆረ ይቀራል። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ያለውን አስቢ፦ «ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ አራት እጥፍ እመልሳለሁ»። ከእንግዲህ ሰውን በሐሰት አልከስም በማለት አልተወሰነም፤ የወሰደውን ለመመለስ ቃል ገባ። ከሰው የተወሰደ ስምም ለባለቤቱ ይመለሳል።

ስለዚህ ጽሑፉን በላክሽባቸው ቡድኖች ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀሪ፣ ማረሚያ ጻፊ። አጭር ይሁን። በስምሽ፣ «በዚህ ቀን ስለ ወንድማችን ያስተላለፍሁት ጽሑፍ ሐሰት ነው፤ ሰበካ ጉባኤው አጣርቶ ገንዘቡ በሙሉ በደብሩ ሒሳብ መግባቱን አረጋግጧል፤ ሳላጣራ በማስተላለፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ከእኔ ወስዳችሁ ያስተላለፋችሁም ይህንኑ አድርሱልኝ» የሚል ይበቃል። «ምናልባት»፣ «እንደ ተባለው»፣ «ለማንኛውም» የሚሉትን ቃላት አታስገቢ፤ ማረሚያውን ራሱን ሌላ ጥርጣሬ ያደርጉታልና። ያንን የተቀነባበረ ፎቶም «ይኸው ይህ ነው ሐሰት» ብለሽ መልሰሽ አትለጥፊ። መጀመሪያ የላከልሽን ሰው ስም መጥቀስም አያስፈልግም፤ ለእርሱ በግል ንገሪው። ታፍሪያለሽ፤ አውቃለሁ። የሚያፌዝብሽም አይጠፋም።

ከዚያ ወደ ወንድማችን ሂጂ። በጽሑፍ ሳይሆን በአካል፤ ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ እርሱ የሚያከብረውን አንድ አባት ወይም እናት ይዘሽ። ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ያለው ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች ካለው ነው፤ አሁን ቅር የተሰኘው እርሱ ነውና መንገዱ የአንቺ ነው። በሩን ላይከፍትልሽ ይችላል። ታላቁ የግብፅ መነኩሴ አባ መቃርስ ገና በወጣትነቱ አንዲት ልጅ አስረግዞኛል ብላ በሐሰት ከስሳው የመንደሩ ሰዎች ደብድበው፣ በአንገቱ ድስት አንጠልጥለው እያዋረዱ አዞሩት። እርሱም ዝም ብሎ ቅርጫት እየሠራ ይረዳት ጀመር። እውነቱ ሲገለጥ የመንደሩ ሰዎች ይቅርታ ሊለምኑት ሲመጡ ሰምቶ ወደ አስቄጥስ በረሃ ሸሸ። የተበደለ ሰው ይቅርታ ጠያቂውን ቁጭ ብሎ የመጠበቅ ግዴታ የለበትም። ወንድማችን ዛሬ ባያናግርሽ አትቆጪ፤ ማረሚያሽ በየቡድኑ መነበቡን ግን ይወቅ። ወደ ደብሩ እንዲመለስ መለመኑ የማኅበሩ ሁሉ ድርሻ ነው፤ ምክንያቱም ያን ቀን አንብቦ ዝም ያለው ሁሉ በሶስና ላይ ከፈረደው ጉባኤ ጋር ነበረና።

«ታዲያ በእውነት የሚሰርቅ ቢኖር ዝም እንበል ማለት ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። በቤተ ክርስቲያንና በሕሙማን ስም የሐሰት የባንክ ሒሳብ ከፍቶ የሚለምን አለ፤ እርሱን ዝም ማለት ድሆችን ማስዘረፍ ነው። ግን ጌታ በማቴዎስ ምዕራፍ 18 ያስቀመጠው ቅደም ተከተል አለ፤ መጀመሪያ ለብቻው፣ ቀጥሎ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር፣ በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን። ሰበካ ጉባኤ አለ፣ ሒሳብ መርማሪ አለ፣ ካርኒ አለ፤ ወንጀል ከሆነም ፖሊስ አለ። አስተዳዳሪዎችም ገቢና ወጪውን በየጊዜው ለምእመናን ቢያነብቡ ኖሮ እንዲህ ያለ ወሬ የሚያርፍበት ቦታ ባላገኘ ነበር። ይህን ለእነርሱም መንገር አለብን።

ስለ ኑዛዜው፤ ለንስሐ አባትሽ ደውለሽ መጨነቅሽን መንገር፣ ምክር መቀበል፣ ቀን መቁረጥ ትችያለሽ። ኃጢአትሽን ዘርዝረሽ በቴሌግራም መጻፍ ግን ተዪው። የኑዛዜን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ካህኑ እንጂ ስልኩ አይደለም። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ በሌላ ሰው እጅ ይከፈታል፤ የተጻፈውም ከተላከ በኋላ የት የት እንደሚቀመጥ አንቺም ካህኑም አታውቁትም። ንስሐ በካህን ፊት ቀርቦ፣ ተናዝዞ፣ ቀኖና ተቀብሎ፣ በመስቀሉ ተባርኮና ተፈትቶ የሚፈጸም ነው። የአውቶቡስ ትኬት ቁረጪና ሂጂ። መንገዱ በፍጹም የማይቻል ቢሆን፣ ንስሐ አባትሽ ፈቅደው ባለሽበት ደብር ወዳለ ካህን እንዲመሩሽ ጠይቂያቸው።

ስልኩን መጣል? አንቺ ያልሽው ከብስጭት ነው። ማረሚያውን የምትጽፊው በዚያው ስልክ ስለ ሆነ ለጊዜው ያስፈልግሻል። ከዚያ በኋላ ንስሐ አባትሽ ቀኖና ሲሰጡሽ ከጾምና ከስግደት ጋር ለተወሰነ ጊዜ ከእነዚያ ቡድኖች መውጣትን ቢጨምሩልሽ ተቀበዪ። ቡድኑን የምትመሪው አንቺ ከሆንሽ ደግሞ በሰው ስም ላይ የሚቀርብ ክስ በቡድኑ እንዳይለጠፍ ከአባላቱ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ፤ የሚለጥፍ ቢኖር ወደ ሰበካ ጉባኤ ምሩት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።