ነሐሴ ላይ ሄዳችሁ እዩት

ዘንድሮ ተመርቃችሁ ሥራ ለምትጀምሩ ወጣት መሐንዲሶች፦

ባለፈው ሳምንት ደሴ ለቅሶ ነበርኩ። መምህሬን ቀብረን ድንኳን ተቀምጠናል። ዝናቡ አላባራም፤ ቅሬው (የሰፈሩ እድር) አንድም ሰው ሳይቀር ወጥቷል፤ ሼኩና ቄሱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ እሳቸው ያወራሉ። ሰፈሩ "ጋሼ" ነው የሚላቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው "አባባ"። ፕሮፌሰር ብሎ የሚጠራቸው አልሰማሁም። እኔ ግን ጸጉሬ ሸብቶም "መምህር" ነው የምላቸው።

መሐንዲስ ለምን እንደሆኑ ሲጠየቁ የግንቦት 1953ቱን የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ያነሱ ነበር። ማጀቴን ያፈረሰው፣ ወደ አስመራ የሚወስደውን ዋና መንገድ የሰነጣጠቀው ነው። ያኔ ኮምቦልቻ ልጅ ነበሩ። እናታቸው እጃቸውን ጎትተው ከቤት ሲያወጧቸው ግድግዳው ሲወዛወዝ ማየታቸውን እስከ እርጅናቸው አልረሱትም።

አምስት ኪሎ ሲያስተምሩን ላብራቶሪ ውስጥ ኮንክሪት እንፈትሽ ነበር። ኮንክሪቱ ምን ያህል እንደቀጠነ የምንለካበት ሾጣጣ ቅርጽ፣ የስላምፕ ኮኑ፣ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። በሦስት ንብርብር ይሞላል፤ እያንዳንዱ ንብርብር በብረት ዘንግ 25 ጊዜ ይወጋል። 18 ላይ ስንደርስ እጃችን ይዝላል። እሳቸው ከኋላ ቆመው በልባቸው ይቆጥራሉ። ካጎደልን ምንም ሳይናገሩ ይደፉትና "ከመጀመሪያው" ይላሉ። ሳይት ላይ ሠራተኛው ሥራው እንዲቀልለው ኮንክሪቱ ላይ ውሃ ሲጨምር ዓይታችሁ እንዳላየ አትለፉ። ትርፉ ውሃ ሲደርቅ ቀዳዳ ትቶ ነው የሚሄደው፤ የምሰሶው ጉልበት የሚጠፋውም በዚያ ነው። በ28ኛው ቀን ለፍተሻ የተወሰደው የኮንክሪት ኪዩብ ተሰብሮ ውጤቱ ሲመጣ በላዩ ሌላ ፎቅ ወጥቷል።

ይህን ሁሉ ተምሬ ግን አጥፍቻለሁ።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ወሎ ውስጥ የገጠር መንገድ እንሠራ ነበር። አንዲት ደረቅ ወንዝ ነበረች፤ ጥር ላይ ስናያት ከብት የሚሻገርባት አሸዋ ናት። ውሃዋ የሚሰበሰብበትን ስፋት ከካርታ ላይ ለክቼ ባለ 60 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ይበቃታል አልኩ። የአካባቢው አዛውንት መጥተው "ልጄ፣ ይቺ ነሐሴ ላይ ድንጋይ ይዛ ነው የምትወርድ" አሉኝ። "አብሽሩ አባቴ፣ አስልተነዋል" አልኳቸው።

ነሐሴ ላይ ጎርፉ ቁጥቋጦና የአምናውን የማሽላ አገዳ ይዞ ወርዶ ቱቦውን ደፈነው። ውሃው መንገዱን ዘሎ ከታች ያለውን የአዛውንቱን ማሳ ከነእርከኑ ጠርጎ ወሰደ። ጤፉ ገና ስንዝር ነበር።

ለመምህሬ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። መልስ አልጻፉልኝም፤ አንድ ቅዳሜ ራሳቸው በአውቶቡስ መጡ። ቱቦውን ቆመው ሳያዩ ወንዙን ይዘው ሽቅብ ወጡ፣ እኔም ተከተልኳቸው። ካርታው ላይ ደን የተባለው ተመንጥሮ እስከ አፋፉ ታርሷል። ዝናቡን የሚይዘው ነገር አልነበረም። ሂሳቤን ሦስት ጊዜ አስደግመውኝ ስህተት አላገኙበትም፤ ካርታው ነው ያረጀው። ያን ደግሞ አዛውንቱ ያውቁ ነበር።

ማታ አዛውንቱ ቤት ገባን። መምህሬ ቆመው "ይህ ልጅ የኔ ተማሪ ነው፤ ጥፋቱ የኔም ነው" ብለው ይቅርታ ጠየቁ። አዛውንቱ አቦሉ ሳይቀዳ ይቅር አሉን። እኔ ግን ያንን ማሳ ዛሬም አያለሁ። በበጋው ሁለት ባለ 90 ቱቦ አስገባን። ከ60 ወደ 90 ሲኬድ የአንዱ ቱቦ የውሃ ማለፊያ ስፋት ብቻውን ከእጥፍ ይበልጣል፤ ይህን መጀመሪያ ላይ ለማድረግ የሚጠይቀኝ አንድ ቀን በእግር መሄድ ነበር።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ድልድይ ከመንደፋችሁ በፊት ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረውን ሣር ፈልጉ፤ ጎርፉ የደረሰበትን ከፍታ ያሳያችኋል። እረኞቹን ጠይቁ። ዋልካ መሬት ላይ የምትሠሩ ከሆነ በበጋ ስንጥቁ ውስጥ እጃችሁን አስገቡ፤ ያው አፈር ክረምት ላይ አብጦ ወለል ያነሳል። ሠርታችሁ ካስረከባችሁ በኋላም ክፍያው አልቋል ብላችሁ አትቅሩ፤ ነሐሴ ላይ ሄዳችሁ እዩት። እኔ ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ሳደርግ ኖሬያለሁ።

መምህሬ ጡረታ ወጥተው ደሴ ከገቡ በኋላ አንድ ሐምሌ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከጦሳ ተራራ የወረደው ዝናብ ግቢውን ሞልቶታል። ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ስድስት ዓመት የሆናት የልጅ ልጃቸው በጭቃ ግድብ ሠርታለች፤ ውሃው ግድቡን በጎን ዞሮ የጎመኑን መደብ መብላት ጀምሯል። ላግዛት ስነሳ ክንዴን ያዙኝ።

"ማማዬ፣ አሁን ውሃው ወዴት ሄደ?" አሏት።

ቁጢጥ ብላ ብዙ አየችው። ከዚያ በጣቷ ከመደቡ ራስጌ ቦይ ጫረች። እሳቸውም እንደ ላብራቶሪው ዝም ብለው ጠበቋት።

ባለፈው ሳምንት፣ ለቅሶ ላይ፣ ውሃው ድንኳኑ ሥር መግባት ሲጀምር ሰው ልጠራ ወጣሁ። ያቺ ልጅ አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ጥቁር ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ከድንኳኑ ጀርባ በዶማ ቦይ ስትከፍት አገኘኋት።

"ማን ላከሽ?" አልኳት።

"ለቀስተኛው እግሩ እየራሰ ነው" አለችኝ፣ ቀና ሳትል።