«ጠንካራው ይኖራል» ያለው ዳርዊን ነው?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ታክሲ ስንጠብቅ አንዱ ሰልፉን ጥሶ ገባ። ስንቆጣው «ጠንካራው ይኖራል፣ ዳርዊንም ብሏል» አለን። እውነት ብሏል? አባባሉስ በአማርኛ ልክ ነው?

መልስ፦ ሰውየው ዳርዊንን ለምስክርነት መጥራቱ አያዋጣውም። የአባባሉ ባለቤት ኸርበርት ስፔንሰር የተባለ እንግሊዛዊ ፈላስፋ ነው። በ1864 እ.ኤ.አ. ጻፈው፤ ዳርዊን ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈው መጽሐፍ ከወጣ ከአምስት ዓመት በኋላ። ዳርዊን አባባሉን የተዋሰው አልፍሬድ ዋላስ የተባለ የተፈጥሮ ተመራማሪ ስለመከረው ነው። ዋላስ የዳርዊን ሐሳብ «የተፈጥሮ ምርጫ» (ለአካባቢው የተስማማው ተርፎ ዘር መተካቱ) ሲባል ሰዎች ቁጭ ብሎ የሚመርጥ አካል ያለ ይመስላቸዋል ብሎ ሠጋ። ዳርዊንም በ1869 በወጣው የመጽሐፉ አምስተኛ እትም አስገባው።

አንዱን ስጋት ሸሽተው ሌላ ጣጣ አመጡ። አባባሉ በእንግሊዝኛ «survival of the fittest» ነው፤ «fit» የሚለው ቃል በዚያ ቦታ «የሚስማማ፣ የሚገጥም» ማለት ነበር። ዛሬ ግን ጂም ለሚሠራ ሰው የሚነገር ሆኗል። ወደ እኛ ሲመጣ «ጠንካራ» ተባለ፤ ታክሲ ተራ ሲደርስ ደግሞ «ጉልበተኛ» ሆነ።

የባሌን ቀይ ቀበሮ እንይ። ክብደቱ 20 ኪሎ አይሞላም። ሰነቴ አምባ ላይ፣ 4000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በቀጭን አፉ አይጥና ፍልፈል እያደነ ይኖራል። ጉልበት ቢሆን አንበሳ ይበልጠው የለ? ግን አንበሳ በአይጥ አይጠግብም። ደግሞ ይህ መስማማት የዘላለም አይደለም። ሜዳው ሲታረስ፣ ከመንደር ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ሲጋባበት፣ ያው ቀበሮ ለመጥፋት ይቃረባል። ቀበሮው አልሰነፈም፤ የተለወጠው አካባቢው ነው።

ታዲያ ምን እንበል? «የብቁዎች ህልውና» የሚሉ አሉ። ከ«ጠንካራ» ይሻላል፤ ለእኔ ግን የሥራ ማስታወቂያ ይሸታል። «ለአካባቢው የተስማማ ይተርፋል» ብንል ሐሳቡን አያዛባም፣ ለጆሮም አይከብድም።

«ይኖራል» የሚለውም ሙሉ አይደለም። መቶ ዓመት ኖሮ ልጅ ሳይወልድ የሞተ እንስሳ በዚህ ሒሳብ አይቆጠርም። ዋናው ነገር ዘር መተካት ነው። እንዲህ ያለ ጥሩ ቃል እያለን ባዮሎጂ ስንጽፍ ለምን እንደምንረሳው አይገባኝም።

ሰልፍ ለሚጥሰው ሰውዬ ደግሞ ሌላ አባባል አለለት፦ «ትልቁ ዓሣ ትንሹን ይውጣል» ይበል። ያኔ ቢያንስ ሳይንስ አያመካኝም።