ብቻውን ውቅያኖስ ስለሚያቋርጥ መርከበኛ የጠየቃችሁኝ

የጭነት መርከብ ላይ መኮንን ነኝ ካልኩ ወዲህ፣ ብቻቸውን በባለሸራ ጀልባ ዓለምን ስለሚዞሩት ሰዎች ጥያቄ ጎርፎልኛል። የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሲተኛ ጀልባውን ማን ይይዝለታል?

መልስ፦ በነፋስ የሚሠራ መሪ ወይም አውቶፓይለት (መሪውን በራሱ የሚይዝ መሣሪያ)። ግን ሁለቱም ዓይን የላቸውም። ከአድማስ ብቅ ያለ መርከብ በ20 ደቂቃ ገደማ አናትህ ላይ ሊደርስ ስለሚችል፣ መርከብ በሚበዛበት መስመር ደወል ሞልተው 20 ደቂቃ፣ 20 ደቂቃ ነው የሚያሸልቡት። እኛስ አናያቸውም ወይ? ማዕበል ባለበት ሌሊት ትንሽ ጀልባ ራዳራችን ላይ ከማዕበሉ ነጠብጣብ ጋር ትቀላቀላለች።

ጥያቄ፦ ቢወድቅስ?

መልስ፦ ጀልባዋ ትታው ትሄዳለች። ራሳቸውን በገመድ የሚያስሩት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ብቸኝነቱ አያሳብድም?

መልስ፦ እንቅልፍና ጤና ሲጎድል የሌለ ሰው ይታያል። ከ1895 እስከ 1898 ብቻውን ዓለምን በመዞር ቀዳሚ የሆነው ጆሹዋ ስሎከም፣ ሆዱን ታሞ ወድቆ ሳለ የኮሎምበስ መርከብ የፒንታ ሰው መሪውን ይዞለት አይቷል። ይኼ እንኳ ቀላሉ ነው።

እኔን የሚከነክነኝ እንግሊዛዊው ዶናልድ ክሮውኸርስት ነው። በ1968 ብቻን ዓለምን ያለማቋረጥ በመዞር ውድድር ዘጠኝ ሰዎች ተነሡ። የእሱ ጀልባ ውሃ ታስገባ ነበር፤ ቢመለስ ኪሳራ፣ ቢቀጥል ሞት። ስለዚህ አትላንቲክ ላይ እየተንከራተተ፣ በሬዲዮ የሐሰት ቦታ ይናገር ጀመር። ሌላው ተወዳዳሪ ናይጀል ቴትሊ፣ ክሮውኸርስት እየደረሰብኝ ነው ብሎ ጀልባውን ሲያስሮጥ ግንቦት 1969 ሰጠመችበት። ያኔ የክሮውኸርስት ውሸት ማሸነፊያ ሊሆን ሆነ፤ ካሸነፈ ደግሞ የጉዞ መዝገቡ ይመረመራል። መዝገቡ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የጻፈው ሐምሌ 1 ቀን 1969 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ነው። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ጀልባው ባዶዋን ተገኘች። በእኔ ግምት ከብቸኝነቱ ይልቅ የጎዳው ውሸቱን የሚያራግፍበት ሰው ማጣቱ ነው።

ጥያቄ፦ ከዘጠኙ ስንቱ ጨረሰ?

መልስ፦ አንድ፤ ሮቢን ኖክስ-ጆንስተን፣ በ312 ቀን። የ5,000 ፓውንድ ሽልማቱን ለክሮውኸርስት ቤተሰብ ሰጠ። በርናርድ ሞይቴሲዬ ግን ማሸነፍ እየቻለ ውድድሩን ጥሎ ወደ ታሂቲ ቀጠለ። ባሕሩ ላይ ደስተኛ ነኝ የሚል መልእክቱን በወንጭፍ ወደ መርከብ ወርውሮ!

ጥያቄ፦ ዛሬስ ሳተላይት እያለ?

መልስ፦ ሳተላይት ያለህበትን ይናገራል እንጂ አያወጣህም። በ2022 በተጀመረ ተመሳሳይ ውድድር ላይ የታፒዮ ሌህቲነን ጀልባ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ በደቂቃዎች ሰጠመች። ተወዳዳሪው ደቡብ አፍሪካዊቷ ኪርስተን ኖይሼፈር አቅጣጫዋን ቀይራ ከነፍስ ማዳኛው ጀልባ አነሣችው፤ ሩም የሚባለውን መጠጥ አቅምሳ ለአንድ የጭነት መርከብ አስረከበችው። በ2023 ውድድሩን ያሸነፈችውም እሷ ናት።